ከዋት በፊት ዴሲቤል፦ ለጎጃም ሳሎን የሚሆን ስፒከር በመካከለኛ በጀት አመራረጥ

ስፒከር ሊገዛ የወጣ ሰው ሱቅ እንደገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ካርቶኑ ላይ ያለውን ያነብለታል፦ 800፣ 1,200፣ አንዳንዴም 5,000። በቅኔ አገር ሰምና ወርቅ መለየት ለማንም አይከብድም፤ እዚህ ላይ ሰሙ ዋት ነው፣ ወርቁ የድምፅ ጉልበት መለኪያው ዴሲቤል። ዋት አምፕሊፋየሩ (በአጭሩ አምፑ፣ ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሩ የሚያቀብለው መሣሪያ) የሚሰጠው ኃይል ነው። ስፒከሩ ከተሰጠው ኃይል ምን ያህሉን ድምፅ አድርጎ እንደሚመልስ የሚናገረው ግን ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ቁጥር ነው፤ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ያወጣል የሚለው።

መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ የቤት ስፒከሮች ይህ ቁጥራቸው ብዙውን ጊዜ ከ84 እስከ 87 ነው። ትልቅ ወረቀት (አየሩን የሚገፋው ሾጣጣ ክፍል) እና ሆርን (ቀጭኑን ድምፅ የሚወረውር ቀንድ መሰል አፍ) ያላቸው ከ94 እስከ 98 ይደርሳሉ። በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስፒከር ያንኑ ድምፅ በግማሽ ኃይል ያወጣል፤ በ10 ዴሲቤል የሚበልጠው ደግሞ በአንድ አሥረኛው። 86 የሆነው 100 ዋት በልቶ የሚያወጣውን ድምፅ 96 የሆነው በ10 ዋት ያወጣዋል ማለት ነው። የቀረው ኃይል ወዴት ይሄዳል ቢሉ፣ ሙቀት ይሆናል። 92 ዴሲቤል የሆነ ደህና ስፒከር እንኳ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ከመቶ አንድ እጅ ያህሉን ነው፤ የቀረው 99 እጅ የዎፈሩን (የወፍራም ድምፅ ስፒከሩን) ጥቅል ሽቦ ሲያሞቅ ይውላል።

መብራት ሲወርድ፣ ሲጠፋና ሲመጣ በሚውልበት፣ ከከተማ ወጣ ሲባል ደግሞ ቤቱ በሶላር ባትሪ በሚያድርበት አካባቢ ትልቅ ዋት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። መካከለኛ በጀት ስንል አንድ መካከለኛ ቴሌቪዥን የሚገዛ ገንዘብ ማለታችን ነው። ከዚያ ከአሥር እጅ ስድስቱን ለስፒከር፣ ሦስቱን ለአምፕ፣ አንዱን ለገመድና ለቀሪው ጥቃቅን ይመድቡ። ብዙ ሰው ገልብጦ ያደርገዋል፤ አምፑን ትልቅ ገዝቶ ስፒከሩን በተረፈው ይሸፍናል።

1. መጀመሪያ ክፍሉን ይለኩ

ሜትር ይዘው ሁለት ነገር ይለኩ፦ የክፍሉን ስፋት፣ እንዲሁም ስፒከሩ ከሚቀመጥበት እስከ ዋናው መቀመጫ ያለውን ርቀት። በብዙ ቤት ሳሎኑ 4 በ4 ወይም 4 በ5 ሜትር ነው፣ ርቀቱም ወደ 3 ሜትር።

ዘፈን ሞቅ ብሎ ሲሰማ አማካዩ 85 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ከበሮ ሲመታ ግን ድምፁ ከአማካዩ 15 ያህል ዘሎ 100 ይነካል። አምፑ ለዚያች ቅጽበት ኃይል ካጠረው ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሒሳቡ የሚሠራው ለ100 ነው። ከስፒከሩ ቁጥር ላይ ለ3 ሜትር ርቀት 7 ይቀንሱ፣ ስፒከሮቹ ሁለት ስለሆኑ 3 ይደምሩ።

ከዚያ ካታሎግ የማይነግርዎ አንድ ቅናሽ አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው፣ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ። አየሩ ሲሳሳ የስፒከሩ ወረቀት የሚገፋው ነገር ያንሰዋል፤ በዚህ የተነሣ ባሕር ወለል አካባቢ ከተለካው ድምፅ ማርቆስ ላይ ወደ 2 ዴሲቤል፣ ባሕር ዳር ላይ ወደ 1.5 ይጎድላል። 2 ዴሲቤል ትንሽ ቢመስልም ለመሙላት አምፑ ከ1.5 እጥፍ በላይ መሥራት አለበት። ስስ አየር ሙቀት የማብረድ አቅሙም ደካማ ስለሆነ አምፑን ካርቶን ውስጥ ወይም ከዳንቴል ሥር አያፍኑት።

ተደምሮ ተቀንሶ፣ ከስፒከሩ ቁጥር 6 መቀነስ ይበቃል። የተረፈው ከ100 በ10 ካነሰ 10 ዋት፣ በ13 ካነሰ 20 ዋት፣ በ16 ካነሰ 40 ዋት፣ በ20 ካነሰ 100 ዋት በየጎኑ ያስፈልጋል። 86 የሆነ ስፒከር 80 ይተርፈውና 100 ዋት ይጠይቃል። 94 የሆነው 16 ዋት ብቻ። 97 ከሆነ ደግሞ 8 ዋት ይበቃዋል፤ ይህንን ከመኪና ባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕ ይሰጣል።

2. ሰሌዳውን ማንበብ

ካርቶኑ ላይ «ፒኤምፒኦ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ያለ ቁጥር ምንም አይነግርዎትም፤ በአንድ ዐይን ጥቅሻ ተገኘ የተባለ፣ ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል ቁጥር ነው። አምፕ አብሮት ያለ ሳጥን ከሆነ ዞረው ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ያንብቡ። «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 40 ዋት» ካለች ከሶኬት የሚወስደው 40 ነው፤ ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ ሊሰጥ አይችልም፣ ከየት አምጥቶ!

አምፕ የሌለው ስፒከር ላይ የሚፈለጉት ቁጥሮች ሦስት ናቸው፦ ሴንሲቲቪቲ፣ ኦም (ለኤሌክትሪኩ ያለው ተቃውሞ) እና ዝቅተኛው ኸርዝ (ሊወርድ የሚችልበት ወፍራም ድምፅ)። ሴንሲቲቪቲው «1 ዋት፣ 1 ሜትር» ከሚል ጋር ከሆነ መልካም። «2.83 ቮልት፣ 1 ሜትር» የሚል ከሆነ ኦሙን ይመልከቱ፤ 2.83 ቮልት በ8 ኦም ላይ 1 ዋት ሲሆን በ4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት ነው። ስለዚህ 4 ኦም የሆነው ላይ ከተጻፈው 3 ይቀንሱ። «ክፍል ውስጥ የተለካ» ብሎ የሚጽፍ አምራችም አለ፤ ግድግዳው የሚመልሰውን ድምፅ አብሮ ስለቆጠረ ከዚያም 3 ይቀንሱ። ምንም ቁጥር ያልተጻፈበት ስፒከር 85 ነው ብለው ያስቡ።

8 ኦም ለትንሽ አምፕ የሚመች ነው። 4 ኦም ከአምፑ ብዙ ኃይል ያወጣል፣ ግን ያሞቀዋል።

3. ከሦስት ሁለቱን መምረጥ

ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲ። ሦስቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም፤ የድምፅ መሐንዲሶች የሆፍማን የብረት ሕግ ይሉታል። በ3 ዴሲቤል ለመጨመር ሳጥኑ እጥፍ መሆን አለበት። ሴንሲቲቪቲው ሳይቀንስ ቤዙን ከ60 ወደ 30 ኸርዝ ለማውረድ ደግሞ ሳጥኑ 8 እጥፍ ይሆናል። በመዳፍ ተይዞ «ቤዙ መሬት ያንቀጠቅጣል» የሚባል ነገር ሲያጋጥም ይህን ማስታወስ ነው።

እኛ የምንሠዋው የመጨረሻውን ጥልቅ ቤዝ ነው። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና የሰው ድምፅ ዋና ነገራቸው ከ100 ኸርዝ በላይ ነው። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ ቢሆንም ጆሮ ድምፁን የሚለየው ከበላዩ ባሉት ንዝረቶች ስለሆነ፣ 55 ወይም 60 ኸርዝ ድረስ በደንብ የሚወርድ ስፒከር ለቤት ይበቃል።

ገበያ ላይ ያለው ምርጫ እንግዲህ እንዲህ ነው።

ትንሽ ሞንታርቦ። ለሠርግና ለስብሰባ የሚሆነው ዓይነት፣ ግን አምፕ የሌለው፣ 10 ኢንች ዎፈርና ሆርን ያለው። ከ94 እስከ 97 ዴሲቤል ያወጣል፣ ዎፈሩ ቢቃጠል ጥቅል ሽቦው ይቀየራል፣ ዳሩም የታጠፈ ጨርቅ ስለሆነ አይበሰብስም። ለአብዛኛው ሰው የእኛ ምርጫ ይህ ነው። ከፕላስቲክ ይልቅ የእንጨት ሳጥን ያለውን ይውሰዱ፤ በጣት ጎን ሲያንኳኩት ደረቅ «ጥም» የሚል እንጂ እንደ ባዶ ጀሪካን የሚያስተጋባ አይሁን። 15 ኢንቹ ለሳሎን አይሆንም። ትልቅ ወረቀት ከ1,000 ኸርዝ በላይ ድምፁን እንደ ባትሪ መብራት ወደፊት ብቻ ይወረውረዋል፤ ፊት ለፊት የተቀመጠው እንግዳ ዘፋኙን በግልጽ ሲሰማ ጥጉ ላይ ያለው የሚሰማው ድብልቅልቅ ብቻ ይሆናል።

አምፕ አብሮት ያለ ሞንታርቦ። ምቹ ነው፤ ችግሩ ማራገቢያው ነው። ሌሊት ዝግ ብሎ በገና ለሚሰማ ሰው ማራገቢያው ከበገናው ይበልጣል። በዚያ ላይ አምፑ ሲበላሽ ስፒከሩም አብሮ ይተኛል።

ያገለገለ የድሮ ቴፕ ስፒከር። ከ8 እስከ 12 ኢንች ወረቀት ያለው፣ ከ1970ዎቹና ከ80ዎቹ የቀረ ሳጥን አንዳንዴ በርካሽ ይገኛል። ከ89 እስከ 92 ሊሆን ይችላል። የዎፈሩ ዳር ስፖንጅ ከሆነ በ10 ወይም በ20 ዓመት ፍርፍር ይላል፤ በጣት ሲነኩት እንደ ደረቀ እንጀራ የሚቆረስ ከሆነ ዋጋውን ከመስማትዎ በፊት ይተዉት። ጨርቅ ወይም ጎማ ከሆነ ይቀጥሉ።

መብራቱ የሚጨፍር፣ ብሉቱዝ ያለው ባለ አንድ ሳጥን። ይህ ስቴሪዮ አይደለም። ለደጅ ጭፈራ ይሁን።

4. ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

ቴስተር፣ ካቻቪቴ፣ አንድ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይና ፍላሽ ይዘው ይሂዱ። ሻጩ ቅር ቢለው ሌላ ሱቅ አለ።

በቴስተር ኦሙን ከጀርባው መግቢያ ላይ ይለኩ። 8 ኦም የተባለው ከ5.5 እስከ 7፣ 4 ኦም የተባለው ከ3 እስከ 3.8 ማንበብ አለበት። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተቃጥሏል ወይም ተበጥሷል። ሁለቱ ስፒከሮች እርስ በርስ ከግማሽ ኦም በላይ ከተለያዩ አንዱ ሳይጠገን አልቀረም፤ መጠገኑ ነውር ባይሆንም ጥንድነቱ ግን ፈርሷል።

የሁለት እጅ ጣቶችን በወረቀቱ ዙሪያ አሰራጭተው ቀስ ብለው እኩል ይግፉት። ምንም ሳይፈገፍግ ገብቶ መመለስ አለበት። «ክርር» ካለ ጥቅል ሽቦው ከማግኔቱ ጋር እየተፋተገ ነው። በአንድ ጣት በአንድ ጎን ብቻ መግፋት ግን ደህናውንም ያጣምመዋል።

የባትሪ ድንጋዩን ፖዘቲቭ ከቀዩ፣ ኔጋቲቩን ከጥቁሩ መግቢያ ጋር ለቅጽበት ያነካኩ። ወረቀቱ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ ውስጡ ተገልብጦ ታስሯል፤ ችግሩ በቀላሉ ይስተካከላል፣ ነገር ግን ሳጥኑ ከዚህ በፊት ተከፍቶ እንደነበር ይነግርዎታል።

ቀጥሎ ዎፈሩን ይፍቱ። አራት ወይም ስምንት ብሎን ነው። ውስጡ ቢያንስ ለዎፈሩ የመዳብ ኮይል፣ ለትዊተሩ (ለቀጭን ድምፅ ስፒከሩ) ካፓሲተር ያለበት ክሮስኦቨር፣ ማለትም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚያከፋፍል ክፍል፣ መኖር አለበት። ትዊተሩ ላይ አንድ ካፓሲተር ብቻ ከተንጠለጠለ ቁጥሩን ያንብቡ፦ 4.7 ማይክሮፋራድ በ8 ኦም ላይ ከ4,200 ኸርዝ አካባቢ በታች ያለውን እየቀነሰ ይሄዳል፣ ይህ ለትንሽ ትዊተር ተቀባይነት አለው። ርካሽ ሳጥኖች ላይ ለማስመሰል የተለጠፈ፣ ከኋላው ሽቦ የሌለው ትዊተርም ይገኛል። ሳይከፍቱ ለማወቅ ጆሮዎን ጠጋ አድርገው ያድምጡ።

ከዚያ ማዳመጥ። ፍላሹ ላይ ከ40 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ ይጫኑ፤ ስልክ ላይ በነፃ የሚሠራ መተግበሪያ አለ። በመሐል የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚንጫረር ቦታ ካለ የላላ ብሎን ወይም የተሰነጠቀ ሳጥን ነው። ቀጥሎ የለመዱትን ድምፅ፦ ጸናጽል እንደ ብረት ጥርት ብሎ ይሰማ፣ እንደ ጨው «ሽሽሽ» ካለ ትዊተሩ ደካማ ነው። ማሲንቆ ላይ ጭራው ክሩን ሲቧጥጠው መሰማት አለበት፣ ጆሮ መውጋት ግን የለበትም። የወንድ ንግግር ወይም ስብከት ያሰሙት፤ ሰውየው ገንቦ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ከመሰለ ሳጥኑ ያስተጋባል። በመጨረሻ ከበሮ፦ እያንዳንዱ ምት ተጀምሮ ማለቅ አለበት። ምቱ ከሚቀጥለው ጋር እየተጎተተ ከተቀጣጠለ ያ ቤዝ ሳይሆን የሳጥን ጩኸት ነው፤ አብዛኛው ገዢ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ስፒከር ሲያወዳድሩ ድምፁን እኩል ማድረግ አይርሱ። ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል።

5. አምፑ

በሒሳቡ መሠረት 94 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ስፒከር ከ15 እስከ 30 እውነተኛ ዋት ይበቃል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ያገለገለ የቤት አምፕሊፋየር ነው፤ ቤዝና ትሬብል መዘወሪያ ስላለው ለሞንታርቦ ይመቻል። ሁለተኛው ቲፒኤ3116 የሚባለው ቺፕ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ በ24 ቮልት ለ8 ኦም በየጎኑ 30 ዋት፣ በ12 ቮልት ባትሪ ደግሞ 8 ዋት ያህል ይሰጣል። አብሮት የሚሸጠው ቻርጀር ግን ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። 24 ቮልት፣ ቢያንስ 4 አምፔር የሆነ ለብቻው ይግዙ።

ሴንሲቲቪቲው ከፍ ያለ ስፒከር አንድ ጠባይ አለው፦ የአምፑንም ነውር አይደብቅም። 86 ዴሲቤል ስፒከር ላይ የማይሰማ የአምፕ «ሽሽታ» 96 ላይ በ10 ዴሲቤል ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ አምፑን ከራስዎ ስፒከር ጋር ሳያገናኙ አይግዙ። ድምፁን ዜሮ ላይ አድርገው ጆሮዎን ከሆርኑ አንድ ክንድ ያህል ያርቁ፤ እዚያ ሆኖ ሽሽታ ካልተሰማ ጥሩ ነው።

«ሁምም» የሚል ድምፅ ከሽሽታ የተለየ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በዲሹ በኩል ነው፤ ሪሲቨሩ ከአምፑ ጋር በተገናኘበት ሁኔታ የዲሹን ገመድ ነቅለው ይሞክሩ። ድምፁ ከጠፋ በአምፑና በሪሲቨሩ መካከል የድምፅ ትራንስፎርመር ማስገባት ያድነዋል። የሶኬቱን መሬት ሽቦ መቁረጥ ግን መፍትሔ አይደለም፣ ሰው ይገድላል።

የትንንሾቹ ሰሌዳዎች አንድ ጥብቅ ደንብ፦ የግራና የቀኙን ስፒከር ጥቁር ሽቦ አንድ ላይ አያገናኙ፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋርም አያስሩ። እነዚህ አምፖች በሁለቱም ሽቦ ይገፋሉ፤ ካገናኟቸው ቺፑ በቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። በመኪና ቴፕ የለመደ ባለሙያ ይህን ስህተት ደጋግሞ ይሠራል።

6. ገመድና አያያዝ

ለቤት ኤሌክትሪክ የሚሸጠው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ይበቃል። 4 ሜትር ርቀት ላይ ደርሶ መልስ 0.1 ኦም እንኳ አይሞላም። ከስፒከሩ ጋር ተጠቅልሎ የሚመጣው ቀጭኑ ክር ግን በዚያው ርቀት ወደ 0.7 ኦም ሊደርስ ይችላል፤ 4 ኦም ስፒከር ላይ ከአንድ ዴሲቤል በላይ ይበላል። ሽቦውን በቢላ ይፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ቢያንስ 2.5 ይውሰዱ። የወርቅ ቀለም የተቀባ ገመድ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ለዳቦ ይሁን።

ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም መሐል ላይ መቆም ትቶ ክፍሉ ውስጥ ይበተናል። ቤዝ የለውም ተብሎ ከሚመለስ ስፒከር ጥቂት የማይባለው በሽታው ይህ ነው።

7. አቀማመጥ

ሁለቱን ከ2 እስከ 2.5 ሜትር አራርቀው ሆርኑ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ፣ ከመሬት 90 ሴንቲሜትር ወደ 1 ሜትር፣ እንዲውል ያድርጉ። ማቆሚያ ካጡ ሁለት ሦስት ብሎኬት ደርበው በላዩ ከድሮ ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ ያንጥፉ፤ ንዝረቱን ይይዛል። ፊታቸውን ወደ መቀመጫው ዘንበል ያድርጉ።

ሞንታርቦ ቤዙ ስስ ስለሆነ ግድግዳ ይወዳል። ከኋላ ግድግዳ 20 ሴንቲሜትር ላይ ሲያስቀምጡት ቤዙ ሲጨምር ይሰማል፤ ጥግ ላይ ከገባ የበለጠ። ትንሹ የድሮ ቴፕ ስፒከር ግን ጥግ ላይ ይደነፋል፣ ከ50 ሴንቲሜትር በላይ ያርቁት።

የጭቃ ግድግዳ ቤት ለድምፅ ከብሎኬት ቤት ይሻላል። ጭድ የተቀላቀለበት ምርግ ሸካራ ስለሆነ ድምፁን እንደ መስታወት አይመልሰውም። ሲሚንቶ የተለሰነ፣ ሴራሚክ የተነጠፈ ሳሎን ውስጥ ካጨበጨቡና «ጭንን» የሚል ከተከተለ መሬቱ ላይ ምንጣፍ፣ በጎን ግድግዳ ላይ ደግሞ የተሰቀለ ባና ወይም አጎዛ ያስፈልጋል። ቦታውን ለማግኘት አንድ ሰው መስታወት ይዞ በግድግዳው ላይ ያንሸራት፣ እርስዎ መቀመጫዎ ላይ ሆነው ይመልከቱ፤ ስፒከሩ መስታወቱ ውስጥ የታየበት ቦታ አጎዛው የሚሰቀልበት ነው።

ከዚያ መንቀጥቀጥን ማደን። ከ50 እስከ 100 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ከፍ አድርገው በክፍሉ ይዙሩ። ቡፌው ውስጥ ያሉ ብርጭቆዎች፣ የኮርኒሱ ክፈፍ፣ የላላ የቆርቆሮ ሚስማር፣ የበሩ ቁልፍ። በእጅ ሲጫኑት ዝም ያለው ጥፋተኛው ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ግን የትኛውም ስፒከር አይረታውም፣ ቡና ማፍላት ይሻላል።

8. ሆርኑ ጆሮ ከወጋ

ሞንታርቦ ለአዳራሽ የተሠራ ስለሆነ ሆርኑ ለሳሎን ይበዛል። መጀመሪያ ትሬብሉን ይቀንሱ። ያ ካልበቃ ሁለት ሬዚስተር ያድነዋል፤ 8 ኦም ለሆነ ትዊተር 3 ዴሲቤል ለመቀነስ 2.2 ኦም በመስመሩ ላይ፣ ከዚያ 20 ወይም 22 ኦም ከትዊተሩ ሁለት እግር ላይ ጎን ለጎን። 6 ዴሲቤል ለመቀነስ 4 ኦም በመስመሩ፣ 8 ኦም ጎን ለጎን። ሁሉም 10 ዋት የሚችሉ ይሁኑ፣ ከክሮስኦቨሩ በኋላ ከትዊተሩ በፊት ይግቡ። ይሞቃሉና ከሱፍ ወይም ከስፖንጅ አርቀው ያስሩ።

9. ሳጥኑን አናጺ ቢሠራውስ?

ጥሩ ባለ 8 ኢንች የሞንታርቦ ዎፈር ለብቻው ካገኙ ይቻላል። ዎፈሩ ላይ «ኪውቲኤስ» (Qts፣ ንዝረቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ የሚያሳየው) የሚባለው ቁጥር ከ0.3 እስከ 0.4 ከሆነ ለሚከተለው ሳጥን ይስማማል። ከ0.5 በላይ ከሆነ ቀዳዳ ያለው ሳጥን ውስጥ ቤዙ ይደነፋል፣ የተዘጋ ሳጥን ይፈልጋል።

ለአንድ ሳጥን 18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ እንዲህ ይቆረጣል፦ ፊትና ጀርባ 43.6 በ28.6 ሴንቲሜትር ሁለት፣ ጎን 40 በ30 ሁለት፣ ላይና ታች 28.6 በ30 ሁለት። ውስጡ 30 ሊትር ይሆናል። ለድምፅ መውጫው የውስጥ ስፋቱ 7 ሴንቲሜትር የሆነ ፒቪሲ ቱቦ 5.5 ሴንቲሜትር ርዝመት ቆርጠው ፊቱ ላይ ያስገቡ፤ ወደ 60 ኸርዝ ያስተካክለዋል። ቱቦው ቢረዝም ቤዙ ይወርዳል ግን ይደክማል። መጋጠሚያው ሁሉ በኮላና በብሎን ይያዝ፣ ከውስጥ ደግሞ ኮላ ከመጋዝ ብናኝ ጋር ለውሰው ይድፈኑ። አየር የሚያስገባ ክፍተት ከቀረ ቤዝ ሲመታ ያፏጫል። የጀርባና የጎን ግድግዳ ላይ 3 ሴንቲሜትር ውፍረት የታጠበና የተበጠረ የበግ ፀጉር በስስ ጨርቅ ይዘው ይለጥፉ፤ ቱቦውን ግን አይሸፍኑት። ቺፑድ ከርካሽነቱ በቀር ጥቅም የለውም፣ ብሎን አይይዝም፣ ክረምት ላይም እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል።

10. መብራትና ባትሪ

መብራት ሲጠፋ አምፑን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩ፣ የመጀመሪያው ቅጽበት ቮልቴጁ የሚዘልበት ነው። ሲከፍቱ ስልኩ ወይም ሪሲቨሩ መጀመሪያ፣ አምፑ መጨረሻ። ሲዘጉ በተቃራኒው። አለዚያ «ድም» የሚለው ምት ዎፈሩን ይጎዳል።

ቮልቴጁ ሲወርድ ድምፁ ከተሰነጠቀ መዘወሪያውን አይግፉት። የተሰነጠቀ ድምፅ ውስጥ ያልነበረ ቀጭን ድምፅ ይጨመራል፣ እሱም በቀጥታ ትዊተሩን ያቃጥላል። ትዊተር የሚቃጠለው በትልቅ አምፕ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ከአቅሙ በላይ የተገፋ ትንሽ አምፕም ያቃጥለዋል።

በሶላር ለሚጠቀም፦ 12 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት የሆነ የአሲድ ባትሪ 240 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ይጠቀሙ። ትንሹ ሰሌዳ በመጠኑ ሲከፈት ከ5 እስከ 10 ዋት ስለሚወስድ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያስሄዳል። ያንኑ ባትሪ በኢንቨርተር 220 አድርገው የድሮ አምፕ ቢሰኩበት አምፑና ኢንቨርተሩ ዝም ብለው እንኳ 40 ዋት ይበላሉ፤ 3 ሰዓት ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ 5 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ።

11. ጭነትና ክረምት

ከአዲስ አበባ የሚጫን ከሆነ የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ ያስቡ። ስፒከሩ በጀርባው ይተኛ፣ ወረቀቱ ወደ ላይ ይሁን፣ ፊቱ ላይ ካርቶንና ጋቢ ይደረግ። በፊቱ ተደፍቶ ከተጫነ የማግኔቱ ክብደት ዎፈሩን ከያዙት ብሎኖች ላይ ይንጠለጠላል፤ መንገዱ ሲመታው ክፈፉ ይጣመምና ሱቅ ውስጥ ያልነበረው «ክርር» ቤት ይመጣል። ከመኪና እንደወረደ ያንኑ የኦምና የመግፋት ምርመራ ይድገሙ፣ ብሎኖቹንም ያጥብቁ።

ክረምት ላይ ወረቀቱ ሻጋታ እንዳይይዝ ከጭቃ ግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይከፈት። የድምፅ መውጫው ቱቦ አፍ ላይም የሽቦ ወንፊት ከውስጥ በኩል ይለጥፉ፦ አይጥ ቀዳዳ ካገኘች የበግ ፀጉሩን መኝታ፣ የዎፈሩን ወረቀት ቁርስ ታደርገዋለች።